ሚስተር ኤዝራና የእኔ ሰባት ቤት

ኖ፣ ኖ፣ ቆይ! ማነው «ቢኒ ጉልላቱ ስር፣ ሕግ አውጪዎቹ ሸንጎ ቤት፣ ገብቶ አያውቅም፣ ከውጭ መኪና ሲያቆም ነው የሚያውቀው» ያለው? ገብቻለሁ። በፊት ለፊት በር፣ በሱፍ፣ በክራቫት ነው የገባሁት። ማይክ ፊት ቁጭ ብዬ አውርቻለሁ፣ ሕግ አውጪ የተባሉ ሰዎችም ሰምተውኛል። ባርበር ቤት ስትስቁብኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፣ ጸጉሬ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ስለቀረ ነው። ግማሽ ጸጉር ይዞ የሚከራከር ሰው ማን ይሰማዋል? አሁን ተላጭቼ ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ስሙኝ። የምጽፈው እንደማወራው ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ስለምወደው ነው፣ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ከረሜላ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከኤርፖርት ጭኜ ወደ ዳውንታውን ስነዳ፣ ከኋላ የከረሜላ ወረቀት ስትልጥ ሰማሁ፣ ወዲያው ያ የፔፐርሚንት ሽታ መጣ። ያ ነጭና ቀይ የተጠመዘዘበት፣ የዚህ አገር ሽማግሌዎች ኪስ ውስጥ የማይጠፋው። ግሪን በራ፣ አልሄድኩም። ከኋላዬ የክላክስ መዓት። «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ ነኝ አልኳት። የቆምኩት ደግሞ የት መሰላችሁ? ድሮ እሠራበት የነበረው ፓርኪንግ ሎት ጥግ ላይ። አሁን ሎቱ የለም፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሆቴል ቆሞበታል። የኔ ኪዮስክ የነበረችበት ቦታ ላይ ፏፏቴ ሠርተዋል። ስንት ዓመት ምሳዬን ቆሜ የበላሁበት ቦታ ላይ ውሃ በመብራት ይጨፍራል።

ያ ዘመን! ዘመን ስላችሁ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ግን አሜሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት አንድ ዕድሜ ነው። እኔም ሠላሳ ሳልሞላ ነው እንደ ሽማግሌ «በኛ ጊዜ» ማለት የጀመርኩት። በኛ ጊዜ ሎቱ ቀኑን ሙሉ አምስት ዶላር ነበር። አምስት! ከገና በኋላ ጉልላቱ ቤት ስብሰባ ሲጀምር ሰባት እናደርገዋለን፣ በሁለት ዶላር ጭማሪ እናታችንን ይሰድቡን ነበር። ዛሬ እዚያው ሆቴል ስር ሠላሳ አምስት ከፍለው «ታንክ ዩ» ይላሉ። የምለብሰው ጂንስ ደግሞ፣ ለመልበስ አልጋ ላይ መተኛት፣ ለማውለቅ ሩምሜት መጥራት ነበረብኝ። ከላይ ብርቱካናማ ቬስት፣ ከታች እንደ ሽመላ እግር። በየመኪናው መስኮት የሚወጣው ሙዚቃ አንድ ዓይነት ነበር፣ ዘፈኑ ሳይሆን የመኪናው በር ነበር የሚንቀጠቀጠው። ያች ሁለት ኢንች በረዶ ወርዳ ከተማውን በሙሉ መንገድ ላይ ያስቀረችውም ያኔ ነው። እኔ ያን ቀን ስድስት መኪና ገፍቻለሁ። ጋሽ መኮንን ሁለት ነው ይላል። እሱ ኪዮስክ ውስጥ ስለነበረ አላየም።

ጋሽ መኮንን ማለት ሎቱን አብሮኝ የሚሠራው ነው። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ የሰው ቁልፍ ይሰበስባል። ከሮዝዌል ነበር የሚመጣው፣ ሰዓት አያሳልፍም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። «አንተ ልጅ» ይለኛል፣ «አፍህ ፍሬን የለውም። ዳገት ላይ ጥሩ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ነው የምፈራልህ።»

ሚስተር ኤዝራ የሚመጡት ማክሰኞና ሐሙስ ነበር። እንደ ጀልባ በረዘመች ቡኒ መኪና፣ ከከተማው ዳር ካለችው ሊቶኒያ። ሰማንያ ሊሞሉ ምን ያህል እንደቀራቸው አላውቅም፣ ግን ባለ ሰደርያ ሱፍ፣ ባርኔጣ፣ ብብታቸው ስር የቆዳ ቦርሳ። ጥቁር ናቸው፣ የዚህ አገር ሰው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፣ እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው። መኪናቸውን ፓርክ አድርጌ ስመለስ ኪዮስኳ ውስጥ ባለችው አንዲት ትርፍ ወንበር ላይ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቀመጣሉ፣ አንድ ከረሜላ ይሰጡኛል፣ ከዚያ ሲነሱ ወንበሯን ገፍተው ጠረጴዛዋ ስር ያስገቧታል። ሁሌ። ኪዮስኳ እኮ ለአንድ ሰው ተኩል ነው የተሠራችው፣ ወንበር መግፊያ ቦታ የላትም፣ እሳቸው ግን ሳያስገቧት አይሄዱም።

አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ሚስተር ኤዝራ፣ ወንበሯን ተዉአት፣ እኔ ደግሞ ላወጣት ነው።»

«የአባቴ አያት ነው እንዲህ ያስለመደን» አሉ። «ያን ጉልላት ታየዋለህ? ጉልላቱ ሳይሠራ በፊት፣ እሱ ሕግ አውጪ ነበር።»

እኔ ሳቅኩ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ሕግ አውጪ? እሳቸው አልሳቁም። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባርነትን ያስቀረው የርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ አገሪቱ እንደ ፈረሰ ቤት ነበረች አሉ። ሁሉም «እንሥራት» አለ፣ ጥሉ የመጣው ማን ውስጥ ይቀመጣል ሲባል ነው። ያ የአባታቸው አያት አይሶም ይባላል፣ ሰው ገዝቶት ጥጥ ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ነጻ በወጣ በጥቂት ዓመት ተመርጦ እዚያ ሸንጎ ገባ። ብዙ ነበሩ እንደሱ ዓይነቶቹ። ወራት አልፈጁም። ነጮቹ ተነሡና «ሕጉ ጥቁር ይምረጥ ብሏል፣ ይቀመጥ ግን አላለም» ብለው ድምፅ ሰጥተው አስወጧቸው። አንዳንዱ ጮኸ፣ አንዳንዱ ረገመ። አይሶም ግን ተነሣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወንበሩን ገፍቶ ጠረጴዛው ስር አስገባና ወጣ። «ለምን?» ሲሉት «ተመልሼ እቀመጥበታለሁ፣ ማንም እንዳይደናቀፍበት ነው» አለ። አልተመለሰም። ሚስተር ኤዝራ ደግሞ በየዓመቱ፣ በየማክሰኞው፣ በየሐሙሱ የሚመላለሱት፣ ያ ስም በአንድ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ሰሌዳ።

እንግዲህ እኔ እንደምታውቁኝ ሰው ስለ አያቱ ካወራ ዝም ብዬ አልቀርም። «ሚስተር ኤዝራ» አልኩ፣ «እኔ እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ።»

«ምን ማለት ነው?»

ቬስቴን አስተካክዬ ወረድኩት። ቢኒያም ታደሰ፣ ታደሰ ይመኑ፣ ይመኑ አሰጌ፣ አሰጌ ወልዴ፣ ወልዴ ጎሹ፣ ጎሹ ክንፉ፣ ክንፉ በዛብህ! አባቴ በልጅነቴ ኩርኩም እያቀመሰ ያስጠናኝ ነው። ማባዣ ሰንጠረዥ ጠፍቶብኛል፣ ይኼ አልጠፋብኝም።

ሚስተር ኤዝራ ከረሜላቸውን አፋቸው ውስጥ ማዞር አቆሙ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩ። ከዚያ እሳቸው በጣታቸው ጀመሩ። «ኤዝራ። ሉሺየስ። ሞዘስ። አይሶም።» አራተኛው ጣት ላይ ቆሙ። «ከአይሶም በላይ ያለው የገዛቸው ሰውዬ መዝገብ ላይ ነው። ‹አንድ ወንድ፣ አርባ ዓመት። አንዲት ሴት፣ ሕፃን ያዘለች።› ስም የለም።» የቀረችውን ጣታቸውን ወደ ላይ ይዘው ትንሽ ቆዩ፣ ማን እንደሚሏት ያጡ ይመስል። ከዚያ እጃቸውን ኪስ ከተቱ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ያለ ቆጠራ አያልፉም። «ጉድ ሞርኒንግ» የለ፣ «ቁጠር!» ነው። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ። የቤተሰብ ስማቸውን ጠይቄያቸው ነበር፣ «እሱ የገዛን ሰውዬ ስም ነው፣ አንተ ኤዝራ በለኝ» አሉኝ። ለኔ ደግሞ ተስማማኝ። እኛ ሰው የምንጠራው በገዛ ስሙ ነው፣ ማን የሰውን አባት ይጠራል?

አንድ ሐሙስ እየሮጡ መጡ። ሮጡ ስል ለሳቸው መሮጥ ነው። ኮሚቴው በመጨረሻ ሊሰማቸው ነው። ሦስት ደቂቃ። «አንተን ይዤ ነው የምገባው» አሉኝ። «አንድ ደቂቃ ትቆጥርላቸዋለህ። ከዚያ እኔ የኔን እቆጥራለሁ፣ አራት ላይ እቆማለሁ። ስሙን ያልወሰዱበት ሰው ምን እንዳለው፣ ለወሰዱበት ደግሞ ምን እንደሚቀረው በዓይናቸው ይዩት። ሌላ ንግግር አያስፈልግም።»

አስቡት እስቲ! ስምንተኛ ክፍል ቢኒ፣ ማስረጃ ሆኖ ሸንጎ ሊቀርብ! ያላወራሁለት ሰው የለም። ጋሽ መኮንን ሱፉን አዋሰኝ፣ ትከሻው እኔን ሁለት ጊዜ ያህላል። ክራቫት ሲያስርልኝ አንገቴን ያዝ አደረገና «ስማ» አለኝ፣ «ቁጠርና ቁጭ በል። ማስፋፋት የለም፣ ማሳመር የለም።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔን አታውቀኝም?»

«ስለማውቅህ እኮ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ቡኒ ምንጣፍ፣ ረጅም ጠረጴዛ። ሚስተር ኤዝራ ስማቸው ሲጠራ፣ ሙሉ ስማቸው ነው የተጠራው፣ እኔ ግን ክራቫቴን ሳስተካክል አልሰማሁትም። ማይኩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቆጠርኩ። አንድም ጊዜ አልተደናቀፍኩም። እሳቸው ቀጠሉ፣ «ኤዝራ፣ ሉሺየስ፣ ሞዘስ፣ አይሶም» ብለው አራት ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። አለቀ፣ ሰሌዳው ተሰቀለ ብዬ ነበር በሆዴ።

ከዚያ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ነጭ፣ ፊቱ ደግ፣ የልጅ ልጅ እንደሚያጫውት ዓይነት፣ ወደኔ ዞረ። «ልጄ» አለኝ፣ «ግሩም ነው። ሦስተኛው ሰውዬ፣ አሰጌ ያልከው፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ። «ገበሬ ነበር» ብል ኖሮ። ግን ማይክ ነው፣ ሱፍ ነው፣ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አባቴ አረቄ ሲቀማምስ ስለ አያቱ በአንድ ትንፋሽ የሚወርደው ነገር አለ፣ መሬቱ ከወንዝ እስከ ወንዝ፣ ከብቱ ተቆጥሮ የማያልቅ፣ በቅሎው ባለ ብር ልባብ፣ አርባ ባሪያ። እኔም በእንግሊዝኛ ወረድኩት። «ቢግ ማን!» አልኩ። መሬቱን አልኩ፣ ከብቱን አልኩ፣ በቅሎዋን አልኩ። «ኤንድ ፎርቲ ስሌቭስ» አልኩ። አራት ጣቴን አውጥቼ አሳየኋቸው፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋቸው።

እመኑኝ፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ያን አርባ ሰው ብዬ አስቤው አላውቅም። እንደ በቅሎዋ ልባብ ነበር የሚመስለኝ፣ ጌጥ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። አልተሳለቀም፣ ያ ነው የሚያቃጥለኝ። «አርባ» አለ። «አመሰግናለሁ ልጄ፣ እውነቱን ስለተናገርክ። እንግዲህ ይኸው ነው፣ የትም አገር፣ የትኛውም ሕዝብ ይህ ጥፋት አለበት። ለያንዳንዱ ሰሌዳ ብንሰቅል ግድግዳ አይበቃንም።» ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ተባለ። ሁለት ሦስት ሳይሉ እጃቸውን አወጡ። ያች ዓይኗን የጠረገችው ሴትዮ ወረቀቷን አየች።

ሚስተር ኤዝራ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ወንበራቸውን ገፍተው ጠረጴዛው ስር አስገቡ። የኔንም አስገቡልኝ፣ እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ስለነበር።

ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ስል ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። «ሚስተር ኤዝራ፣ ሶሪ፣ እኔ እኮ...»

«ስማቸው ማን ነበር?» አሉኝ።

«የማን?»

«የአርባዎቹ።»

አላውቅም አልኩ።

«አንዱንም?»

አንዱንም፣ አልኩ፣ እኔ ቢኒ። እሳቸው ጉልላቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «የአይሶምን አባት ስም ወስዶ ያስቀረውን ሰውዬ ስፈልገው ነው የኖርኩት» አሉ። «የልጅ ልጆቹ የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚመስሉ። ጥሩ ልጆች ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።» መኪናቸውን አመጣሁ። በሩን ከፈትኩ። ከረሜላ አልሰጡኝም። ሄዱ።

ጋሽ መኮንን ስነግረው አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኛ ጋ» አለኝ፣ «ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለሁለት ነገር ነበር። አንዱ ያንተ ዓይነቱ፣ ለመኩራት። ሌላው ባሪያ የነበረ ሰው ዘሩ እስኪጠራ ነው። ልጁ ውላጅ፣ የልጅ ልጁ ፍናጅ እየተባለ፣ እስከ ሰባት ትውልድ። አባትህ አንዱን ብቻ ነው ያስጠናህ።»

በነጋታው እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ያኔ ሞቶ ነበር።

«እማ፣ የጋሼ አሰጌ አርባ ባሪያዎች ስማቸው ማን ነበር?»

«በስመ አብ! ምን ነካህ? እዚያ ድረስ የላክንህ ይሄን ልትቆፍር ነው?»

«አንድ ስም ብቻ፣ እማ። በሞቴ።»

ስልኩን ይዛ ተነሥታ በር ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ «ድንቄ ነበረች» አለች። «እማማ ድንቄ። አባትህን ያሳደገችው። አንተም ደርሰህባታል።»

«ድንቄ ማን?»

«ምን ማን?»

«የአባቷ ስም።»

«ድንቄ ድንቄ ናት! የቤት ልጅ ናት እኮ። አባት... እኔ እንጃ ልጄ። ማንም ጠይቋትም አያውቅ።»

ትዝ አለችኝ። ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ የምትቀመጥ ቀጭን አሮጊት። ለኛ ታጎርሳለች፣ ገበታ ሲቀርብ ግን ወደ በሩ ነው የምትሄደው። ማንም ሂጂ አላላትም። ትብላ ተብሏል፣ ትቀመጥ ግን አልተባለም። ያን ከሚስተር ኤዝራ አፍ የሰማሁትን ነገር፣ ለካ እኔ ቤታችን ውስጥ እያየሁት ነው ያደግኩት።

የፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ድንቄ ብዬ ጻፍኩና ማክሰኞን ጠበቅኩ። ማክሰኞ አልመጡም። ሐሙስም። ቡኒ መኪና ባየሁ ቁጥር ከኪዮስኳ እወጣለሁ፣ ጋሽ መኮንን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። የዚያ ዓመት ስብሰባ አለቀ። በሚቀጥለው ገና ሎቱ ታጠረ፣ እኛም ተበተንን።

ፈልጌያቸዋለሁ! አልፈለገም የምትሉኝ፣ ስንት እሑድ ሊቶኒያ እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከኛው ቸርች እንደወጣሁ የነሱ ቸርች በር ላይ እቆማለሁ። «ሚስተር ኤዝራን ታውቃላችሁ?» ስል «ኤዝራ ማን?» ይሉኛል። ኤዝራ ማን! ሰባት ቤት የምቆጥረው ጀግና፣ ሁለት ዓመት ከረሜላቸውን የበላሁባቸውን ሰውዬ የቤተሰብ ስም አላውቅም። የማውቀው እኛ በምንጠራበት መንገድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ፦ «ኤዝራ ሉሺየስ ሞዘስ አይሶም።» ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው የለም ይሉኛል፣ በትሕትና። ጉልላቱ ቤትም ተመልሼ ሄጃለሁ፣ በጂንስ። «የቱ ኮሚቴ ነበር?» አለችኝ ልጅቷ። የኮሚቴውን ስም አላውቅም። ቡኒ ምንጣፍ ነበረው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቤት ስበላ ወንበር ገፍቼ ሳላስገባ አልወጣም። ሩምሜቴ «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል፣ ቀልድ እነግረዋለሁ።

እና ያ ባለፈው ሳምንት ሽታውን ያመጣችው ሴትዮ፣ ሆቴሉ በር ላይ ስትወርድ አንድ ከረሜላ ዘረጋችልኝ። አልበላኋትም። መኪናዬ ውስጥ ናት፣ ከቲኬቱ ጋር፣ መጥታችሁ እዩ።

እሺ፣ አሁንም ውሸት ነው በሉ። ሂዱና ጋሽ መኮንንን ጠይቁት፣ ሮዝዌል ነው፣ ሱፉ አሁንም የኔ ላብ አለበት። እናቴን ጠይቋት፣ ትቆጣችኋለች እንጂ አትዋሽም። ያን ቀን እዚያ ክፍል የነበረውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፣ ፎርቲ ያለውን ልጅ የሚረሳ የለም። ከሁሉም በላይ ግን ወንድ ከሆናችሁ ሊቶኒያ ሂዱ። በየቸርቹ፣ በየበሩ፣ ኤዝራ ሉሺየስ ሞዘስ አይሶም ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ለናንተ መልስ ይሰጣችሁ ይሆናል። ካገኛችኋቸው፣ ቢኒ አንድ አግኝቷል፣ ድንቄ ትባላለች፣ ሠላሳ ዘጠኝ ይቀሩታል በሏቸው።